የሞከርነውና የወሰድነው

ያን ቀን የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ ነበርሁ። ልጄ ማስተዋል ነበረች። ባለሱቁ አዱኛ ነበረ። ሱቁ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የሚያወጉ ሁለት የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ፤ አንደኛው ወፍራም፣ ሌላው መነጽር ያደረገ፤ ስማቸውን አላውቅም። ጥግ ላይ ደግሞ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ ሰክታ የተቀመጠች፣ ከሐሙሲት ከተማ የመጣች ሴት ነበረች፤ እግሯ የታሰረ ዶሮ አቅፋለች። ቤት የነበሩት አከራያችን ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው። ከእነዚህ ሌላ ሰው አልነበረም።

እኔ እስከ አራተኛ ክፍል የተማርሁ የቁሐር ሚካኤል የገጠር ሴት ነኝ። የምፈራ ሰው ነኝ። በሩን ቆልፌ ከሄድሁ በኋላ ተመልሼ ቁልፉን ስቤ የማይ፣ ልጄ ባሳለች ቁጥር ግንባሯን የምዳስስ ዓይነት ነኝ። ማስተዋል አንድ ልጄ ናት። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ አጥታ ስትቀመጥ፣ ባለቤቴ ሩዙንና ከብቱን ይዞ እዚያው ቀረ፤ እኔና እሷ ወረታ ከተማ አንድ ክፍል ቤት ተከራየን። መብራትና ኔትወርክ ስላለ ነው። እሷ ሥራ ትፈልጋለች፣ እኔ እጠብቃታለሁ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ተገኘ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት የተቀዳ ድምፅ እየሰሙ በጽሑፍ የሚገለብጡ ሰዎች ይፈልግ ነበር፤ ቤት ተቀምጦ በኮምፒውተር የሚሠራ ሥራ ነው። ማጣሪያውን አለፈች። የቀራት አንድ ፈተና ብቻ ነበር፤ እሱም በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። የምትፈተነው ፊቷ በካሜራ እየታየ ነው። ፊቷ ከጠፋ ፈተናው ይዘጋል፣ ድጋሚ የለም። ይህን ነግራኝ ስለነበር ሳምንቱን ሙሉ እህል አልበላልኝም።

ላፕቶፑን የሰጣት አጎቷ ነው። ቀጭንና ቆንጆ ነው፤ ጎኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ግን ሁለት ብቻ ናቸው። ሁለቱም ታይፕ ሲ የሚሉት ዓይነት፣ የሩዝ ፍሬ የመሰሉ ጠባብ ቀዳዳዎች። የርብ ወንዝ ሞልቶ ቤታችን ውሃ የገባበት ክረምት እርጥበት አግኝቶት አንደኛው ቀዳዳ ዝጓል፣ የራሱ ካሜራም ታውሯል። ባትሪው ደግሞ ደክሟል፤ ቻርጀሩ ሲነቀል ያኔውኑ ድርግም ይላል። እንግዲህ የቀረው አንድ ቀዳዳ ነው። ቻርጀሩም ይፈልገዋል፣ ከጓደኛዋ የተዋሰችው የውጭ ካሜራም ይፈልገዋል። ከአንድ ቀዳዳ ለብዙ የሚያከፋፍለውን ዕቃ ሀብ ይሉታል። ጓደኛዋ እሱንም አውስሻለሁ ብላ ነበር። በዚያ ቀን ጠዋት ደውላ፣ ወንድሜ ሳላውቅ ይዞት ደብረ ታቦር ሄዷል አለቻት።

ማስተዋል ላፕቶፑን ከነቻርጀሩና ከነካሜራው ቦርሳ ውስጥ ከታ ስትነሣ እኔም ነጠላዬን አነሣሁ።

«አንቺ ደግሞ ወዴት ነሽ?» አለችኝ።

«አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«እማ፣ ዕቃውን ታውቂዋለሽ?»

«ዕቃውን አላውቀውም። ሻጭን ግን አውቃለሁ።»

ወረታ ውስጥ ይህን ዕቃ የሚሸጥ አንድ አዱኛ ብቻ ነው አሏት። ባሕር ዳር ደርሶ ለመመለስ ሰዓቱ አይበቃም። ስለዚህ አዱኛ ዘንድ ገባን።

አዱኛ ሦስት ዓይነት አውጥቶ መስታወቱ ላይ ደረደረ። አንደኛዋ ጣት የምታህል ናት፤ ፍላሽና ማውስ ይሰካባታል እንጂ ለቻርጀር ቦታ የላትም። ማስተዋል ወዲያው ገፋ አደረገቻት። ሁለተኛው ጡብ የሚያህል ነው፤ ዶኪንግ ይሉታል። ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚኖር፣ መብራት ከግድግዳ በራሱ ቻርጀር የሚወስድ ነው። «ቻርጀሩ የት አለ?» አለችው። የለም፤ ያለ እሱ ደግሞ ድንጋይ ነው። ሦስተኛው መዳፍ ላይ የሚያርፍ፣ ግራጫ፣ አጭር ገመድ ያለው ነው። በአንደኛው ቀዳዳ ቻርጀሩን ተቀብሎ ለላፕቶፑ ያሳልፋል፤ በሌሎቹ ካሜራና ማዳመጫ ይሰካበታል።

«የምፈልገው ይሄን ነው» አለች። ፊቷ ሲፈታ አየሁ። ደስ አለኝ።

«ይሞከር» አልሁ።

«ይሠራል እማማ» አለ አዱኛ።

«መሥራቱንማ አንተ ታውቃለህ። እኛ እንድናውቅ ነው።»

ሀቡን ላፕቶፑ ላይ፣ ቻርጀሩን ሀቡ ላይ ሰካው። የሀቡ መብራት በራች። ካሜራውንም ስካው አልሁት፣ ሰካው። የማስተዋል ፊት ስክሪኑ ላይ ወጣ። አዱኛ ሊነቅለው እጁን ሲሰድ፣ «ትንሽ ይቆይ» አልሁት።

«ለምን ይቆያል?»

እዚህ ላይ የአገሬን ልማድ ልንገራችሁ። እኛ አገር ፎገራ፣ የምትታለብ ላም የሚገዛ ሰው የሻጩን ወሬ አይሰማም። ጎንበስ ብሎ ራሱ ያልባል። ያውም አንድ ጊዜ አልቦ አያምንም፤ ማታ ሳትታለብ ያደረች ላም ጠዋት ጡቷ ተወጥሮ ይታያልና ቆይቶ ደግሞ ያያታል። ሲስማማም ያለባትን ላም ራሷን ነድቶ ይሄዳል። መልኳ አንድ ነው ብለው ሌላ ከበረት ቢያወጡለት አይወስድም። እኔ ይህን እያየሁ ነው ያደግሁት። ሌላ የዕቃ መግዣ ዘዴ አልተማርሁም።

«ላም ስንገዛ ቆይተን ነው የምናይ» አልሁት።

ወፍራሙ ሰውዬ ተንፈቀፈቀ። «ጥጃዋንስ ይዛችሁ መጥታችኋል?»

ባለመነጽሩ ቀጠለ። «አዱኛ፣ እግሯን እሰርላቸው እንጂ! ኋላ ትረግጣቸዋለች!»

ሁሉም ሳቁ። የሐሙሲቷ ሴት እንኳ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ማስተዋል ብቻ አልሳቀችም፤ አንገቷ ድረስ ቀልታለች። እኔም እንደ ጨዋታ አድርጌ፣ «ሳቁ፣ ሳቁ። እኛ ገበያ ላይ ግን አላስታልብም ያለ ሻጭ ሌባ ነው የሚባል» አልሁ።

«ኧረ አዱኛ! ሌባ ተባልህ እኮ!» አለ ወፍራሙ፣ ጭኑን እየመታ። ሳቁ ዞሮ አዱኛ ላይ ሆነ።

አዱኛ አልሳቀም። ከንፈሩን ነክሶ አየኝ። እኔ እሱን ማለቴ አልነበረም። ስለ ከብት ገበያ ነው ያወራሁ።

ቆየት ብዬ ሀቡን በእጄ ጀርባ ዳሰስሁት፣ የልጅ ትኩሳት እንደሚዳሰሰው። አልጋለም። «ይኸው ይበቃል፤ ይህን እንወስዳለን» አልሁ።

አዱኛ ነቀለው። «ይሄ የማሳያ ነው፤ እጅ በዝቶበታል። እሽጉን ልስጣችሁ።»

«የለም ልጄ። የሞከርነውን ስጠን።»

«እማማ፣ እሽግ እየተሰጠዎት አሮጌ ይጠይቃሉ?»

«ይሁን፣ አሮጌውን።»

ማስተዋል ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ዝም በይ!» አለች በሹክሹክታ። ሁሉም ሰምቷል።

አዱኛ ከእኔ ወደ እሷ ዞረ። ለስለስ ብሎ፣ «እናትሽ ናቸው?» አላት።

ልጄ ነጠላዬን አየች። የፕላስቲክ ጫማዬን አየች። አግዳሚው ላይ ያሉትን ሁለቱን ሰዎች አየች።

«አይ» አለች። «ከሰፈር ናቸው። መንገድ ላይ ተገናኝተን ነው።»

ከዚያ ወዲያ አፌ ተያዘ። ከሰፈር የመጣ ሰው በሰው ዕቃ ምን ብሎ ይናገራል? አዱኛ ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ ቆየ፤ በፕላስተር የታሸገ ካርቶን ይዞ ወጣ። ማስተዋል ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ክፈቺው፣ ይህም ይሞከር» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ ዋጥሁት። ወደ ቤት ስንሄድ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። እውነትም ጎረቤት እንመስል ነበር።

ቤት ስንደርስ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዶሮዎቹን ከጓሮ አባረው፣ በር ላይ በርጩማ አስቀምጠው ጠበቁን። «እኔ እዚህ ተቀምጬ ዝንብ አላሳልፍም፤ አንቺ ብቻ ተፈተኚ» አሏት። ማስተዋል ካርቶኑን ከፈተች፣ ሰካች። መብራቷ በራች፣ ፊቷም ስክሪኑ ላይ ወጣ። ፈተናው ተጀመረ። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጣቶቿ ሲሮጡ በበሩ ክፍተት አየኋት። እንዲያ ስትሠራ አይቻት አላውቅም። አሁን አለፈ፣ ቆንጥጣኝም ክዳኝም ቢሆን አለፈ ብዬ አመሰገንሁ።

አንድ ጊዜ እጇን ከሀቡ ላይ ብድግ አደረገች፣ ምድጃ የነካች ይመስል። ቻርጀሩን ወዘወዘችው። ደግሞ ወዘወዘችው። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ።

«አይ! አይ! አይ!»

ገባሁ። ሀቡን ነቅላ ቻርጀሩን በቀጥታ ሰካችው፤ ላፕቶፑ ተነሣ፣ ካሜራ ግን የለም። ሀቡን መለሰችው፤ የቻርጀሩን ኃይል አላሳልፍ አለ፣ ላፕቶፑ ድርግም አለ። ቻርጀሩን በቀጥታ ሰክታ እንደገና አስነሣችው። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ወጣ። ምን ይላል አልሁ።

«ተዘግቷል ይላል።»

ጎኗ ተቀመጥሁ። ጀርባዋን ልዳብስ እጄን ዘረጋሁ። ሸሸችኝ።

«አፍሽ ነው የበላኝ» አለችኝ። ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነበር። «ሰውዬውን ሰው ፊት ሌባ ባትይው ደህናውን ይሰጠኝ ነበር። ላም! ላም! ማን ነይ አለሽ? ማን ጠራሽ?»

ሀቡን ገና እንደጋለ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወጣሁ።

አዱኛ እንዳየኝ ሳቀ። ሁለቱ ሰዎች አሁንም አግዳሚው ላይ ነበሩ።

«ልጄ፣ ይህ ተቃጠለ። ፈተናዋ ተበላሸ። እባክህ በሞከርነው ለውጥልኝ፣ ምናልባት ድርጅቱን ለምና…»

«ላም ከበረት ከወጣች በኋላ ትመለሳለች እንዴ እማማ? አልበው አልነበር የወሰዱ?»

«ያለብሁት ይህን አይደለም። አንተም ታውቃለህ።»

«ለመሆኑ እርስዎ ማን ነዎት? የሸጥሁት ለልጅቷ ነው። ለጎረቤት አልመልስም። እናቷ ትምጣና እናቷን አነጋግራለሁ።»

«እናቷ እኔ ነኝ።»

«እሷ አይደሉም አለች። ማንን ልመን?» ወደ አግዳሚው ዞረ። «እናንተስ አልሰማችሁም?»

«ሰምተናል» አለ ወፍራሙ። «ከሰፈር ናቸው ብላለች።» ባለመነጽሩ መነጽሩን ይጠርግ ጀመር። እሱ እንኳ ያፈረ ይመስላል።

ወጣሁ። መኪና መሳፈሪያው አጠገብ ስደርስ አንድ ሰው ነጠላዬን ያዘኝ። የሐሙሲቷ ሴት ናት። ዶሮዋን ሸጣለች፤ መኪና እስኪሞላ እየጠበቀች ነበር።

«እሜቴ፣ ዕቃው አልሠራም አይደል?» አለችኝ። «አውቄዋለሁ። እኔ በተቀመጥሁበት በኩል መጋረጃው ክፍት ነበር። ከእናንተ በፊት አንዱ ይግላል ብሎ ሲመልስ ያየሁትን ከመሳቢያ አውጥቶ፣ ካርቶን ውስጥ ከቶ በፕላስተር ሲያሽገው ዓይኔ እያየ ነው። ብቻውንም ይስቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«እንዴት ልንገርሽ? ከሰፈር ናቸው ስትል ሰማኋት። የማያገባት ሴት ናት፣ ደግሞ ጠብ ታነሣለች ብዬ ተውሁት። እናቷ ብትሆኚማ ያን ጊዜውኑ ልብስሽን ስቤ እነግርሽ ነበር። እናት አይቶ ዝም ይባላል?»

እኔ ነኝ እናቷ ማለት ነበረብኝ። ልጄ የካደችውን ለማላውቃት ሴት መንገር ግን እሷን ማዋረድ ሆነብኝ። አንድ ነገር ብቻ ታየኝ፤ ይህች ሴት ምስክር ናት። ማስተዋልን ያቃጠላት የእኔ አፍ ሳይሆን የሰውዬው ተንኮል መሆኑን ከሌላ ሰው ትስማ። «ነይ፣ ቤት መጥተሽ ያየሽውን ንገሪልኝ» አልኋት። መኪናው እስኪሞላ ብላ እሺ አለችኝ። መንገዱን ሁሉ እናትዮዋ መጥታ ትጩህበት እያለች ትመክረኝ ነበር።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ በር ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ማስተዋል ከውስጥ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ ብላለች። የሐሙሲቷ ሴት ወይዘሮ ጥሩወርቅን ሰላም አለችና፣ «የልጅቷ እናት እርስዎ ነዎት?» አለቻቸው።

«እኔ? እናቷማ ይህችው ይዛሽ የመጣችው ናት።»

ሴትዮዋ እኔን አየችኝ። ከዚያ ማስተዋልን አየቻት። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ድምፅዋን እንኳ አላነሣችም።

«ምነው ልጄ?» አለች። «ከሰፈር ናቸው ስትዪ ሰምቼ እኮ ነው ዝም ያልሁ። ዕቃውን ሲለውጥባችሁ አይቻለሁ። እናትሽ መሆኗን ባውቅ እነግራት አልነበር? ምነው እንዲህ ታደርጊያለሽ?»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ማስተዋል ፊት ላይ ያየሁትን ግን መጻፍ አልችልም። ሊረዳኝ ነው ብዬ ያመጣሁት ምስክር ልጄን ሲቆርጣት ቆሜ አየሁ። ሴትዮዋ መኪናው እንዳያመልጣት ሮጣ ሄደች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋት።

ማታ ማስተዋል ራት አቀረበችልኝ። ሳህኑን ፊቴ አስቀምጣ፣ ቀና ሳትል፣ «ይብሉ» አለችኝ። በሕይወቷ አንቱ ብላኝ አታውቅም። ከእፍረት ይሁን ከቁጣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። እኔም በላሁ።

ጠዋት ውሃ ቀድቼ ስመለስ የለችም። ላፕቶፑም ልብሷም የለም። ሀቡ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንዱ ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ መኪና ገባች አለ፣ ሌላው በጎንደር መንገድ ይፋግ ላይ አየኋት አለ። ስልኳ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝግ ነው። አባቷ መጥቶ ምን አድርገሻት ነው አለኝ። የሆነውን ነገርሁት። «ሱቅ ድረስ ምን አስከተለሽ?» አለ። እሱም ያንኑ አለ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አለፈ። አዱኛ ሱቁን አስፍቶታል። በዚያ በኩል ሳልፍ፣ «ጎረቤት፣ እንዴት ነዎት?» ይለኛል። ሰው መልካም ሰላምታ ይመስለዋል፤ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ አልፋለሁ። ባለፈው ባለቤቴ የምትታለብ ላም ሊገዛ ይዞኝ ገበያ ሄደ። ጎንበስ በይና አልቢያት አለኝ። እጄ አልዘረጋም አለኝ። ሻጩ ወተቷ ይህን ያህል ነው አለ፤ አምነን ወሰድናት። በዕድሜዬ ሳላልብ የወሰድኋት ላም እሷ ብቻ ናት። ወተቷም ደህና ነው፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

እንዲህ ያለ ዕቃ የምትገዙ ሁሉ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ሰክታችሁ፣ ቆይታችሁ፣ በእጃችሁ ዳስሳችሁ፣ የሞከራችሁትን ራሱን ውሰዱ። በዚህ ላይ ዛሬም ሐሳቤን አልለወጥሁም። ልጆች ደግሞ፣ እናታችሁ ሰው ፊት ብታሳፍራችሁ ቤት ገብታችሁ ተቆጧት። እዚያው ሰው ፊት ግን የእኔ ናት በሏት፤ ቢያንስ ያየ ሰው ይነግራታል። እናቶችን የምመክረው የለኝም። መከተሌን ትቼ ቤት ብቀመጥ ይሻል ነበር ወይ እያልሁ ሌት ተቀን አስባለሁ፤ አልተመለሰልኝም።

ማስተዋል ጠይም፣ ቀጭን ናት። ግራ ቅንድቧ ላይ የልጅነት ጠባሳ አላት፤ ሰማያዊ የላፕቶፕ ቦርሳ ትይዛለች፤ ስትናገር ቶሎ ቶሎ ነው። ያያት ሰው ካለ ደህና መሆኗን ብቻ ይንገረኝ። ትምጣ አላልሁም። ማን ጠየቀኝ ብትላችሁ፣ ከሰፈር ናቸው በሏት።